ለሚስ ፒቺ ያልተከፈለው ገንዘብ

ባለፈው ዓመት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ እናቴ ቤት ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ነበር። የስብሰባው ምክንያት ታናሽ እህቴ ናት። ሕክምና አጥንታ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ሦስት ዓመት በጠቅላላ ሐኪምነት አገልግላ ተመልሳለች። አሁን ስፔሻላይዝ የምታደርግበትን ዘርፍ መምረጥ አለባት። ልቧ በቀዶ ሕክምናና በሕፃናት ሕክምና መካከል ተከፍሏል። እኛም እንደ አገራችን ቤተሰብ ወግ፣ በማናውቀው ጉዳይ ምክር ለመስጠት ተዘጋጅተን ተቀምጠናል።

እናቴ "ቀዶ ሕክምና ሌሊት ለሌሊት ያስጠራል ይላሉ" አለች። አጎታችን "ነገ ትዳርም አለ፣ ልጅም አለ" ሲሉ ጨመሩበት። እኔም የታላቅ ወንድምነቴን ለመወጣት ያህል፣ "ለሴት ልጅ የሚመቸው የሕፃናቱ ነው። ደመወዙ እንደሆነ ያው ነው፤ ምን አስጨነቀሽ?" አልኳት።

እህቴ ስኒዋን አስቀመጠች። "እውነትህን ነው ጋሼ፤ በደመወዝ ደረጃችን ላይ ጾታ የሚል ዓምድ የለም" አለችኝ። ጥቂት ዝም ብላ ደግሞ፣ "ታዲያ የትም አገር ብትሄድ ሴት ሐኪሞች ከወንዶቹ ያነሰ ገንዘብ ይዘው ቤታቸው የሚገቡት በምን ምክንያት ይመስልሃል?" ስትል ጠየቀችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ለጥያቄ መልስ ሲያጣ መጽሐፍ ማገላበጥ የለመደ ሰው ነኝና በሚቀጥሉት ወራት ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ከዚህ በታች የማቀርበው ከዚያ ንባብ ያገኘሁትን ነው። አብዛኛው ታሪክ የእንግሊዞች ነው። ሴት ሐኪሞች ወደ ሙያው የገቡበት ሙግትና የተከፈላቸው ገንዘብ ሒሳብ እንደ እነሱ አገር ከጥንት ጀምሮ በጽሑፍ የተመዘገበበት ቦታ ጥቂት ነው። ዓመተ ምሕረት ካላልኩ በቀር ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው በስኮትላንድ፣ በኤዲንብራ ከተማ ነው። በ1869 ሶፊያ ጄክስ-ብሌክ የምትባል የ29 ዓመት እንግሊዛዊት፣ ሕክምና ልማር ብላ ለኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ አመለከተች። ዩኒቨርሲቲው፣ ለአንዲት ሴት ብቻ ተብሎ የተለየ ዝግጅት ማድረግ አይቻልም ሲል መለሳት። ሴትዮዋ የዋዛ አልነበረችም። ችግሩ ብቻዬን መሆኔ ከሆነ ጓደኛ እፈልጋለሁ ብላ በጋዜጣ ጥሪ አደረገች። ጥሪውን ሰምተው ከመጡት መካከል አንዷ ኤዲት ፒቺ ናት። በ1845 በኤሴክስ ገጠር ከአንድ የባፕቲስት ሰባኪ ቤት የተወለደች፣ በአስተማሪነት የምትተዳደር ወጣት ነበረች።

በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ለመግቢያ ፈተና ከተቀመጡት 152 ተፈታኞች መካከል ሴቶቹ አምስት ነበሩ። ውጤቱ ሲወጣ ከመጀመሪያዎቹ ሰባት ቦታዎች አራቱን ሴቶቹ ይዘዋቸዋል። ዩኒቨርሲቲውም ለመቀበል ተገደደ። ብዙ ሳይቆይ ቁጥራቸው ሰባት ደረሰ፤ በታሪክም "የኤዲንብራ ሰባቱ" እየተባሉ ይጠራሉ።

ዩኒቨርሲቲው የተቀበላቸው ግን በቅድመ ሁኔታ ነበር። ከወንዶቹ ጋር በአንድ ክፍል እንዳይቀመጡ፣ በተለየ ሰዓት ለብቻቸው እንዲማሩ ተወሰነ። መምህራኑ ሊያስተምሯቸው ይችላሉ እንጂ ግዴታ የለባቸውም ተባለ። ለብቻቸው የሚማሩት ጥቂቶች ስለሆኑም ለአንድ ዓይነት ትምህርት ከወንዶቹ የበለጠ ክፍያ ተጠየቁ። እነሱም ከፈሉ።

በ1870 ጸደይ የኬሚስትሪ ፈተና ውጤት ወጣ። በዩኒቨርሲቲው የሆፕ ስኮላርሺፕ የሚባል የገንዘብ ሽልማት ነበር። ትምህርቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ወስደው ከፍተኛ ውጤት ላመጡ ተማሪዎች ይሰጣል። በዚያ ዓመት ከእነዚህ አንደኛ የወጣችው ኤዲት ፒቺ ነበረች። የኬሚስትሪ ፕሮፌሰሩ አሌክሳንደር ክረም ብራውን ግን ስኮላርሺፑን ከእሷ በታች ለነበሩት ወንዶች ሰጠ። የወንዶቹን ቁጣ ፈርቶ እንደሆነ ብዙዎች ያምናሉ። በይፋ የተሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ ሚስ ፒቺ የተማረችው ለብቻ በተለየ ሰዓት ስለሆነ የመደበኛው ክፍል አባል አይደለችም የሚል ነበር።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። ለብቻዋ እንድትማር ያዘዛት ማን ነው? ዩኒቨርሲቲው። ለብቻዋ ስለተማረች ሽልማት አይገባሽም ያላትስ ማን ነው? ያው ዩኒቨርሲቲ። መጀመሪያ ትለያለህ፣ ቀጥሎ ተለይታለችና አይገባትም ትላለህ። ማንም ሰው "ሴት ስለሆነች ከለከልኳት" ብሎ ኃጢአት ውስጥ አይገባም። ደንቡ ራሱ ሥራውን ይሠራል።

ከዚህም የሚያስገርም ነገር አለ። ስኮላርሺፑን ያቋቋመው ቶማስ ቻርልስ ሆፕ የተባለ የቀድሞ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው። ገንዘቡን ያገኘው በ1826 ለኤዲንብራ ወይዛዝርት የኬሚስትሪ ትምህርት በክፍያ ሰጥቶ ነበር። ስለዚህ ሚስ ፒቺ የተከለከለችው ገንዘብ መጀመሪያም ከሴቶች ኪስ የወጣ ነው።

ነገሩ በጋዜጣ ወጥቶ ብዙ አነጋገረ። ከዚያ በኋላ ጠቡ ከወረቀት ወደ አደባባይ ወጣ። ኅዳር 18 ቀን 1870 ሴቶቹ ለአናቶሚ ፈተና ሲሄዱ በመቶ የሚቆጠር ሕዝብ በቀዶ ሐኪሞች አዳራሽ ደጃፍ ጠበቃቸው። ጭቃ ተወረወረባቸው፤ በሩ ፊታቸው ላይ ተዘጋ። እንደምንም ገብተው ፈተናውን ሲጀምሩ አንድ በግ ወደ ክፍሉ ተገፍትሮ ገባ። መምህሩም በጉ እንዲቆይ ፈቀደ ይባላል፤ ከላኩት ሰዎች ይልቅ እሱ አስተዋይ ነው በሚል።

በ1873 የስኮትላንድ ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ ዩኒቨርሲቲው ቀድሞውኑ ሴቶችን የመቀበል ሥልጣን አልነበረውም ሲል ፈረደ። አራት ዓመት የከፈሉበት ትምህርት ያለ ዲግሪ ቀረ። ሴቶቹ ግን አልተመለሱም። በ1874 የለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1876 የእንግሊዝ ፓርላማ፣ ፈቃድ ሰጪ አካላት ሴቶችን ለመፈተን እንዲችሉ የሚያደርግ ሕግ አወጣ። ኤዲት ፒቺ ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግራ በ1877 በበርን ዩኒቨርሲቲ በጀርመንኛ ተፈትና በዶክተርነት ተመረቀች። በዚያው ዓመት በደብሊን የሥራ ፈቃድ አገኘች፤ በሊድስ ከተማም ሥራ ጀመረች።

በ1883 ወደ ሕንድ፣ ወደ ቦምቤይ ተጓዘች። በዚያ ካማ የተባለ ባለጸጋ በሰጠው ገንዘብ ለሴቶችና ለሕፃናት የሚሆን፣ በሴት ሐኪሞች የሚመራ ሆስፒታል እየተሠራ ነበርና የሕክምናው ኃላፊ ሆነች። በቦምቤይ ኑሮዋ ነርሶችን አሠለጠነች፣ በሕፃንነት የሚፈጸም ጋብቻን ተቃወመች። ከዚህም ጋር ለሴት ሐኪሞች ለእኩል ሥራ እኩል ክፍያ እንዲሰጣቸው ተከራከረች። በሃያ አራት ዓመቷ በኤዲንብራ የተከለከለችውን ገንዘብ የረሳች አትመስልም። በ1908 ስትሞት ባለቤቷ በለንደን የሴቶች የሕክምና ትምህርት ቤት በስሟ ስኮላርሺፕ አቋቋመ። ስኮላርሺፕ ለተከለከለች ሴት ከዚህ የተሻለ ሐውልት መሥራት የሚቻል አይመስለኝም።

አንባቢ፣ በሩ ከተከፈተ ቀሪው የጊዜ ጉዳይ ነው ይል ይሆናል። እኔም እንዲህ ነበር የማስበው። ቀጥሎ የመጣው ዘመን ግን ደንቡ ስሙን እየለወጠ እንደኖረ ያሳያል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ወንድ ሐኪሞች ወደ ጦር ሜዳ ሄዱ፤ ሴቶቹ ተፈለጉ። ፍሎራ መሪና ሉዊዛ ጋሬት አንደርሰን የሚባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1915 በለንደን ኤንዴል ስትሪት በሚባለው መንገድ ላይ ወታደራዊ ሆስፒታል ከፈቱ። ከሐኪሙ እስከ አስታማሚው ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ነበሩ። ሆስፒታሉ እስከ 1919 ድረስ ወደ 26000 የሚጠጉ ቁስለኞችን አከመ፤ ከ7000 በላይ ቀዶ ሕክምና ተደረገበት። የጦር ሠራዊቱ ለዶክተር መሪ የሌተና ኮሎኔል ደመወዝ ከፈላት። የሌተና ኮሎኔል ማዕረግ ግን አልሰጣትም። ገንዘቡ ለጊዜው፣ ለችግር ቀን ነው፤ ማዕረጉ ግን ነገም ይጠየቅበታል።

እውነትም ጦርነቱ ሲያልቅ ነገሩ ተገለበጠ። በጦርነቱ ወቅት ለሴት ተማሪዎች በራቸውን የከፈቱ በርካታ የለንደን የሕክምና ትምህርት ቤቶች በ1920ዎቹ መልሰው ዘጉት። ሥራ ላይ ያሉትንም ጋብቻ ያባርራቸው ጀመር። በ1921 በለንደን የሴንት ፓንክራስ ወረዳ ምክር ቤት ዶክተር ግላዲስ ማያል-ስሚዝን ከሥራ አሰናበተ። ጥፋቷ ማግባቷ ነው። ያገባችውም ሐኪም ነበር፤ ማንም እሱን ስላገባህ ልቀቅ አላለውም። ሴትዮዋ የተመደበችበት የሥራ ክፍል ደግሞ የእናቶችና የሕፃናት ጤና ነበር። እናቶችን እንድትረዳ የቀጠራት መሥሪያ ቤት፣ ባለትዳር መሆኗን ግን አልወደደም።

እንዲህ ያለው ደንብ ለደመወዝ ምን ማለት እንደሆነ ማስላት ቀላል ነው። ደመወዝ በአገልግሎት ዘመን የሚያድግ ከሆነ፣ በሃያ ስምንትና በሠላሳ ዓመቷ ከመሰላሉ ላይ የምትወርድ ሴት ጫፉን አታየውም። የመሰላሉ ደረጃዎች ለሁለቱም እኩል ተራርቀው የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። እሷ ግን በመካከል ውረጂ ትባላለች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ ጀምሮ ነገሩ በእርግጥ ተሻሻለ። በ1944 አንድ የመንግሥት ኮሚቴ፣ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኙት ከተማሪዎቻቸው አንድ አምስተኛ ያህሉን ሴቶች ካደረጉ ይሁን ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 የእንግሊዝ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተመሠረተ። የሐኪሙ ደመወዝ በማዕረጉና በአገልግሎት ዘመኑ ተወሰነ። እህቴ እንዳለችው ነው፤ ጾታ የሚል ዓምድ አልነበረም። በ1970 ደግሞ ፓርላማው የእኩል ክፍያ ሕግን አጸደቀ፤ ከ1975 መጨረሻ ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ።

ነገር ግን በዚያው በ1948 ከደመወዙ ጎን ሌላ ነገር ተፈጠረ። ከፍተኛ ስፔሻሊስቶች ወደ መንግሥት አገልግሎት እንዲገቡ ለማባበል ለ"ብቁዎቹ" ተጨማሪ የክብር አበል ተመደበላቸው። ከስፔሻሊስቶቹ ሢሶ ያህሉ ያገኙት ነበር። ማን ይገባዋል የሚለውን የሚወስኑት አንጋፋዎቹ ሐኪሞች ራሳቸው ናቸው። የተቀባዮቹ ስም ለረዥም ጊዜ በምሥጢር ተያዘ። ደመወዙ በግልጽ ሰንጠረዥ ላይ ነው፤ አበሉ ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ። በዚያ ክፍል ውስጥ በዚያ ዘመን ስንት ሴት ትቀመጥ እንደነበር መገመት አያዳግትም። አበሉ በ2003 ስሙ ተለውጦ፣ ማመልከቻ የሚቀርብበት ሆነ።

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ውጤቱ ምን ሆነ? መንግሥት በ2018 አንድ አጥኚ ቡድን አቋቋመ። የቡድኑ መሪ የሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ ፕሬዚዳንት የነበሩት ፕሮፌሰር ጄን ዴከር ነበሩ። ሪፖርቱ በታኅሣሥ 2020 ወጣ። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሚሠሩ ሴት ሐኪሞች ከወንዶቹ በ18.9 በመቶ ያነሰ ያገኛሉ። በቤተሰብ ሐኪሞች ዘንድ ልዩነቱ 15.3 በመቶ፣ በዩኒቨርሲቲ በሚያስተምሩት ሐኪሞች ዘንድ 11.9 በመቶ ነው። የሆስፒታሉን በቀላሉ ለማስረዳት ያህል፣ እሱ 100 ፓውንድ ሲቀበል እሷ 81 ያህል ትቀበላለች ማለት ነው።

"ሴቶቹ በትርፍ ሰዓትና በሙሉ ሰዓት ስለማይሠሩ ነዋ!" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ። እኔም ያልኩት እሱን ነው። ነገር ግን የጠቀስኳቸው ቁጥሮች የሥራው ሰዓት መጠን ከተስተካከለ በኋላ የተሰሉ ናቸው። ሰዓቱ ሳይስተካከል ቢታይ የሆስፒታሎቹ ልዩነት 24.4 በመቶ፣ የቤተሰብ ሐኪሞቹ 33.5 በመቶ ይደርሳል።

ሪፖርቱ ለእኩል ማዕረግ ሁለት ዓይነት ደመወዝ የሚከፍል ክፉ አለቃ አላገኘም። ያገኘው ሌላ ነገር ነው። ከፍተኛውን ማዕረግ የያዙት በዕድሜ የገፉ ወንዶች ናቸው። የደመወዝ መሰላሉ በጣም ረዥም ስለሆነ ልጅ ለመውለድና ለማሳደግ ጥቂት ዓመት ዝግ ያለች ሴት መቼም አትደርስበትም። የክብር አበሉና ልዩ ልዩ ተጨማሪ ክፍያዎች ወደ ወንዶቹ ያደላሉ። ሴቶች በብዛት የሚገኙባቸው ዘርፎችም ተጨማሪ ገንዘብ የሚገኝባቸው አይደሉም። የኤዲንብራው ደንብ እነሆ በሌላ ልብስ። መጀመሪያ ትለያለች፣ ቀጥሎ ተለይታለችና ይቀነስባታል።

በአሜሪካም ቢሆን ሥዕሉ ተመሳሳይ ነው። በኒውዮርክ ግዛት ሥልጠናቸውን ጨርሰው ሥራ በሚጀምሩ ወጣት ሐኪሞች ላይ የተደረገ ጥናት በ2011 ታትሟል። የዘርፍ፣ የሥራ ሰዓትና የመሳሰሉት ልዩነቶች ከተቀነሱ በኋላ በ1999 ወንዱ ከሴቷ በዓመት 3600 ዶላር ያህል ይበልጥ ነበር። በ2008 ልዩነቱ 16819 ዶላር ደረሰ። ልብ በሉ፣ እነዚህ ገና በሥራቸው የመጀመሪያ ቀን ላይ ያሉ ሐኪሞች ናቸው። በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ከ80000 በላይ የሙሉ ሰዓት ሐኪሞችን ገቢ መርምሮ፣ በ40 ዓመት የሥራ ዘመን ውስጥ አንዲት ሴት ሐኪም ከወንዱ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያነሰ እንደምታገኝ ገምቷል።

ከሁሉ ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን በ2020 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ በመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና የሚሠሩ ሐኪሞችን ሰዓት ቆጠሩ። ሴት ሐኪሞች ከወንዶቹ በ10.8 በመቶ ያነሱ በሽተኞችን ያያሉ፤ ገቢያቸውም በ10.9 በመቶ ያንሳል። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። ከእያንዳንዱ በሽተኛ ጋር በአማካይ 2.4 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ይቀመጣሉ። ክፍያው የሚታሰበው በታየው በሽተኛ ቁጥር እንጂ በተሰጠው ጊዜ አይደለም። ስለዚህ በሽተኛውን እስከ መጨረሻው ያዳመጠች ሐኪም ለማዳመጧ ከኪሷ ትከፍላለች።

በዚያ ጊዜ ለበሽተኛው ምን ተጨመረለት? ለዚያ ለብቻው የቀረበ መልስ የለኝም። በ2017 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ሆስፒታል የተኙ አረጋውያንን ተከታትሎ ነበር። በሴት ሐኪሞች ከታከሙት መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት 11.07 በመቶ፣ በወንድ ሐኪሞች ከታከሙት 11.49 በመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። ሆኖም ቢያንስ የሴቶቹ ሥራ የረከሰው ስለማያድን ነው የሚያሰኝ አይደለም።

አሁን ደግሞ ለእኛ ቅርብ ወደሆነ ታሪክ ልለፍ። በደርግ ዘመን ብዙ ኢትዮጵያውያን ሐኪሞች በሶቪየት ኅብረት ተምረዋል። ከእነሱ ጋር ያወራ ሰው መምህሮቻቸው አብዛኛዎቹ ሴቶች እንደነበሩ ይሰማል። በእርግጥም በ1970ዎቹ ከ100 የሶቪየት ሐኪሞች 70 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ኤዲንብራ በጭቃ ያባረረችውን ሞስኮ በእቅፍ ተቀበለችው ማለት ይቻላል። ነገር ግን የሐኪም ደመወዝ በዚያ አገር ከፋብሪካ ሠራተኛ አማካይ ደመወዝ ያነሰ ነበር። መንግሥቱ ለከባድ ኢንዱስትሪ ቅድሚያ ሰጠ፤ ማከምና ማስተማር ወደ ኋላ ቀሩ። እነዚያ ወደ ኋላ የቀሩት ሙያዎች ደግሞ ሴቶች የሞሉባቸው ናቸው። ከዚህ ታሪክ የተማርኩት፣ ቁጥር ብቻውን ሚዛኑን እንደማያስተካክል ነው። በ2025 በእንግሊዝም የሴት ሐኪሞች ቁጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንዶቹ በጥቂቱ በልጧል። መልካም ዜና ነው። የሶቪየቶቹን ታሪክ ያነበበ ሰው ግን ቀጥሎ የሚጠይቀው ስለ ሥራው ዋጋ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ሕጉ ከማንም አያንስም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች በሥራ ቅጥር፣ በዕድገትና በክፍያ እኩል መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 42 ደግሞ ሴት ሠራተኞች ለተመሳሳይ ሥራ ተመሳሳይ ክፍያ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ኢትዮጵያ የዓለም ሥራ ድርጅትን የእኩል ክፍያ ስምምነት በ1999 አጽድቃለች። በመንግሥት ሆስፒታል ያለች ሐኪም ከወንድ ባልደረባዋ ጋር በአንድ ደረጃ ላይ አንድ ደመወዝ ትፈርማለች።

እህቴን ግን በአንድ ምሽት ስጠይቃት ሌላ ነገር አጫወተችኝ። የሐኪም ኑሮ በደመወዝ ብቻ አይገፋም። የዲዩቲ ክፍያ አለ። ማታ ማታ በግል ክሊኒክ መሥራት አለ። የሥልጠናና የስብሰባ አበል አለ። "እነዚህ ሁሉ የሚገኙት ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ነው" አለችኝ። "ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ወንዱ ባልደረባዬ ወደ ክሊኒኩ ይሄዳል። ባለትዳሯ ጓደኛዬ ወደ ቤቷ ትሮጣለች። ልጇ አለ፣ የልጇ ሞግዚት የምትወጣበት ሰዓት አለ። እሱም ልጆች አሉት፤ ግን ሞግዚቷ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ አያውቅም።"

ይህን ስሰማ የዚያን እሑድ ምክሬ ትዝ አለኝ። "ለሴት ልጅ የሚመቸው" ያልኩት እኔ ነኝ። ክፋት አልነበረኝም። እናቴም፣ አጎታችንም ክፋት አልነበራቸውም። ምናልባት የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ሰዎችም ለሴቶቹ ጨዋነት አስበን ነው ለብቻቸው እንዲማሩ ያደረግነው ይሉ ይሆናል። ለእህቴ የተለየ ክፍል፣ የተለየ ሰዓት ያዘጋጀሁላት እኔ ነበርኩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ገቢዋ ከባልደረባዋ ቢያንስ፣ ምን ታደርጊዋለሽ፣ ራስሽ መርጠሽ ነው የምላትም እኔው ነኝ።

ሐምሌ 6 ቀን 2019 የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ለሰባቱ ሴቶች የክብር ዲግሪ ሰጠ። እነሱ በሕይወት ስለሌሉ የዛሬ የሕክምና ተማሪዎች ወጥተው በስማቸው ተቀበሉ። ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ፤ ልጆቹ ጥቁር ካባ ለብሰው ደስ ብሏቸው ይታያሉ። ዩኒቨርሲቲው መቶ ሃምሳ ዓመት ቢዘገይም ያጠፋውን አምኗል፤ ይህም ቀላል ነገር አይደለም። የኬሚስትሪው ገንዘብ ግን ያኔ የተሰጠው ለሌሎች ነው፤ እዚያው ቀረ። ሚስ ፒቺ በገንዘቡ ልትገዛቸው የምትችላቸው መጻሕፍትና የሚቃለልላት የቤት ኪራይ ከዲግሪው ጋር አይመለሱም። የጎደለ ደመወዝም እንዲሁ ነው። በኋላ ይቅርታ ይጠየቅበታል እንጂ ያ ወር ተመልሶ አይኖርም።

ይህን ሁሉ አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ወደ እህቴ ሄድኩ። የሚስ ፒቺን ታሪክ፣ በጉንም ሳልተው፣ ነገርኳትና "ምክሬን መልሼ ወስጃለሁ" አልኳት።

ሳቀች። "ጋሼ፣ ቅጹን ካስገባሁ እኮ ሳምንት አለፈኝ" አለች።

"ምን ብለሽ ሞላሽ?"

"ሕፃናት።"

ፊቴ ላይ ያየችውን አላውቅም። ምናልባት ቅር ያለኝ መስሏት ይሆናል፤ ምናልባትም ትንሽ ቅር ብሎኝ ነበር። በንባቤ ብዛት ቀዶ ሐኪም እንድትሆንልኝ ፈልጌ ኖሯል።

"ስለሚመቸኝ አይደለም" አለች። "የሚመች ነገር የለውም፤ ሕፃን ሌሊት ነው የሚታመመው። ሦስት ዓመት ሙሉ አይቼዋለሁ። ስለምወደው ነው። አንዲት የአሥራ አምስት ቀን ልጅ መተንፈስ አቅቷት አምጥተዋት፣ እስኪነጋ አብሬያት ቁጭ ብዬ ነበር። በግል ሆስፒታል ቢሆን ኖሮ፣ ያ ሌሊት አንድ ሰዓት ከሚወስድ ኦፕራሲዮን ያነሰ ነው የሚያስከፍለው። ይህ ለምን እንደሆነ አንተ ጻፍልኝ። እኔ ተረኛ ነኝ፣ መሄዴ ነው።"

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ሆኖ ነበር።